የአክፍሎቱ ሦስት ክኒኖች

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ልጄ ትዕግሥት ገና ጡት ላይ ሳለች፣ በአንድ የፋሲካ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ፋሲካ አልፏል። ስቅለት በደረሰ ቁጥር ግን ጠዋት ላይ ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል። የሠራሁት ስሕተት ሰው ሲሰማው የሚያስቅ ነው፤ እኔንም ዛሬ አንዳንዴ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን በገዛ እጄ ራሴን የገደልኩ ነበር የመሰለኝ።

የምንኖረው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ፣ ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጀርባ ባሉ ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ነበር። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ባለቤቴ ግርማይ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ ቤት ካደረ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛዋ ሰው የግርማይ እናት ናቸው። ስማቸው ለተብርሃን ነው፤ ግርማይ በትግርኛ «አደይ» እያለ ስለሚጠራቸው እኔም አደይ አልኳቸው። ሊያርሱኝ ከትግራይ መጥተው እዚያው ከእኛ ጋር ቀሩ።

ትዕግሥትን የወለድኳት በኦፕራሲዮን ነው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ብዙ ደም ፈሰሰኝ፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ ግርማይንና እኔን አስቀምጦ ፊት ለፊት ተናገረ። «ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዳታረግዢ። የተሰፋው ማኅፀን ሳይጠና ከጸነስሽ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። ያን ጊዜ እኔም ላላድንሽ እችላለሁ።» ግርማይ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር።

ይህን ለአደይ አልነገርናቸውም። አንድ ልጃቸው ግርማይ ብቻ ነው፤ ቤቱን የልጅ ልጅ እንዲሞላላቸው የሚሳሉ ሴት ናቸው። በኋላ እንነግራቸዋለን ተባባልን፤ በኋላ ደግሞ እንደምታውቁት አይመጣም።

ልጄ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ነርስ ሲስተር ዘሀራ ትባላለች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ የወሎ ሰው ናት። የባሌን የፈቃድ ፊርማ አየች፤ ካርዴን አነበበች፤ ከዚያ ከመሳቢያዋ ትንንሽ ክኒኖች የተደረደሩበት ማሸጊያ አወጣች።

«ይሄ እንደ ሌላው የወሊድ መከላከያ አይደለም» አለችኝ። «ሌላው ሁለት ዓይነት ሆርሞን አለው፤ ወተት ይቀንሳል። ይሄኛው አንዱ ብቻ ነው ያለው፤ ለምታጠባ እናት ይስማማል። የማኅፀንሽ አፍ ላይ ያለውን ፈሳሽ ወፍራም ያደርገዋል፤ ስለዚህ የወንዱ ዘር አያልፍም። የማኅፀንሽንም ግድግዳ ያሳሳዋል። አንዳንድ ሴት ላይ እንቁላል እንዳይወጣም ያደርጋል፤ ግን ሁሉም ላይ አይደለም። ዋናው ሰዓቱ ነው። በየቀኑ፣ ያለ ማቋረጥ፣ በአንድ ሰዓት ላይ። ብትረሽውና ሦስት ሰዓት ካለፈ ውጪውና ለሁለት ቀን ከባልሽ ተጠንቀቂ።»

ስለ ጠባዩም አልደበቀችኝም። ደም ሊያዛባ ይችላል፤ አንዳንዷ ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፤ አንዳንዷ ነጠብጣብ ታያለች፤ አንዳንዷ ጭራሽ ይጠፋባታል። ራስ ምታት፣ የጡት ሕመም፣ ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይተዋል አለች። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። ለሚረሱ ሴቶች የሚሰጠውን ምክር ግን ለእኔ አልቆጠርኩትም። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ የጎደለ ፊደል አይቼ አላልፍም። ክኒን ልረሳ ነው እንዴ?

እውነትም አልረሳሁም። የሬዲዮው የጠዋት አንድ ሰዓት ዜና ሲጀምር ከልብስ ስፌት ሳጥኔ ውስጥ አንዷን አውጥቼ እውጣለሁ። አደይ ክር የምፈልግ ይመስላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው በልጄ ክርስትና ቀን ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እናትም ያን ቀን ከአራስነት ነጽታ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። እኔ ደግሞ ክኒኑ ነጠብጣቡን ለቆብኝ አሥራ ሁለት ቀኔ። ደም እያየሁ እንዴት ልግባ? ልጄን ለክርስትና እናቷ ሰጥቼ ከግቢው ጥግ ካለ ጽድ ሥር ቆምኩ። ትዕግሥት ውኃው ሲነካት ስትጮህ ከሩቅ ሰማኋት።

አደይ ሲወጡ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው መጡ። «ጓለይ፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ እኮ ነው። እስካሁን አልደረቀልሽም?» አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ ሲያዝኑልኝ ነው እንደዚያ የሚሉኝ።

«አልደረቀም፣ አደይ።»

«እነዚያ ሐኪሞች ምን አድርገውሽ ነው?» ብለው በኦፕራሲዮኑ አመካኙ። ለሳምንት ጠበል አመላለሱልኝ። እኔም እውነቱን እያወቅሁ ጠበሉን ጠጣሁ፤ ሐፍረቴንም አብሬ ጠጣሁ።

በመጋቢት ነጠብጣቡ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የወር አበባ የሚባል ነገር አላየሁም። ሲስተር ዘሀራ እንደዚህ ሊሆን ይችላል ብላኝ ስለነበር እፎይ አልኩ። መቅረቱ መልሶ እንደሚያስጨንቀኝ ማን ነግሮኝ?

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ያ ሁለት ቀን ምጥ ላይ በነበርኩ ጊዜ ተስዬ ነበር። «መድኃኔዓለም፣ ከዚህ አልጋ ካነሣኸኝ በመጪው ፋሲካ አክፍሎት አከፍላለሁ» ብዬ። አክፍሎት ከስቅለት ዓርብ እስከ ፋሲካ ዶሮ ጩኸት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። የንስሐ አባቴ ስለማጠባ የሁዳዴን ሰዓት አስተውኝ ነበር፤ የጾም ምግብ በልቼ እየዋልኩ አጠባለሁ። አክፍሎቱን ስነግራቸው «አራስ ነሽ፣ ለከርሞ ይደርልሽ» አሉኝ። እኔ ግን ስለት ነው ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

ስለ ክኒኑስ? እሱን አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ ምን ክኒን ነው ይሉኛል። እንኳን ለቄስ ለጎረቤት የሚነገር ነገር አልነበረም። ለሲስተር ዘሀራም መንገር አልታሰበኝም፤ ጾም ምኗ ነው? ስለዚህ ራሴ ጠያቂ፣ ራሴ መላሽ ሆንኩ። ክኒን ያለ ውኃ አይወርድም። ውኃ ከጉሮሮዬ ካለፈ አክፍሎቱ ፈረሰ። እንግዲያው ፋሲካ ጠዋት እውጠዋለሁ፤ መድኃኔዓለም ሁለት ቀን ይጠብቀኛል አልኩ።

የስቅለት ዕለት ጠዋት የአንድ ሰዓቱ ዜና ሲጀምር እጄ በልማድ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ መለስኩት። ቅዳሜም እንዲሁ። ስፌቴን ፈርቼ አልሰገድኩም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ወተቴ ቀነሰ፤ ትዕግሥት ጡቴን እየጎተተች ታለቅሳለች። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ያን ጊዜ ግን ስለቴን የምከፍል ጀግና ነበርኩ።

ግርማይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባቲ የገዛውን በግ ይዞ ከተፍ አለ። ሊነጋጋ ሲል ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አደይ መግደፊያ ተልባ በጥብጠው ጠበቁኝ። ብርጭቆዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና ሳጥኑን ከፈትኩ። ማሸጊያው ላይ ሁለት ቀን ተዘሏል። የዓርብን፣ የቅዳሜንና የእሑድን፣ ሦስቱንም ባንድ ላይ በተልባ ዋጥኳቸው። ቀኑና ባዶው ቦታ እኩል ሆነ። የጎደለውን ሞላሁ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ያን ቀን ፋሲካ ነው፤ ባሌ ከወር በኋላ ቤቱ ገብቷል። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። ማክሰኞ ተመልሶ ወደ አሰብ ነዳ።

ወደ አራተኛው ሳምንት ላይ ማቅለሽለሹ ጀመረኝ። መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ የካርቦን ወረቀቱ ሽታ ነው ያስጠላኝ። ቀጥሎ ጡቴ መቁሰል ጀመረ፤ ልጄ ስትነካው ጥርሴን እነክሳለሁ። ራሴን ያመኛል። ክኒኑ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ሲስተር ዘሀራ የዘረዘረችው ይኸው አይደል? ግን ክኒኑን ስጀምር ያልነበረ ነገር አሁን ከየት መጣ? የወር አበባዬ ቀድሞውኑ ስለጠፋ ቀረ ወይም መጣ ብዬ የምለይበት የለኝም።

አንድ ጠዋት ግቢው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳስመልስ አደይ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ቀና ስል ዓይናቸው በደስታ ሞልቷል።

«ጓለይ! ጸነስሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም አደይ፣ ሆዴን ነው።»

«እኔን? እኔን ታታልይኛለሽ?» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። «ለትዕግሥት ወንድም መጣላት በይኛ! መድኃኔዓለም ስለትሽን ሰምቶ ካሰሽ!»

እኚያ ደግ ሴት እየሳሙኝ እኔ የምሰማው የሐኪሙን ድምፅ ነበር። ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። በዚያ ሳምንት አደይ ለጎረቤት ሴት በሹክሹክታ ነገሩ፤ ከባድ ነገር እንዳላነሣ ከለከሉኝ፤ ከገርጂ በኩል ወተት ከሚያመጡት ገበሬዎች ተጨማሪ ግማሽ ሊትር አዘዙልኝ። ሁሉ ሰው ደስ ብሎታል። እኔ ብቻ ነኝ ማታ ልጄን አቅፌ ይህችን ማን ያሳድጋታል እያልኩ የማለቅሰው።

ሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ሲስተር ዘሀራ ሄድኩ። ያመመኝን ሁሉ ነገርኳት። ካርዴን ገለጠች።

«ያሳለፍሽው ቀን አለ?»

«አንድም አልረሳሁም።»

«ሰዓቱስ?»

«ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው።» እዚህ ላይ ዝም ብል እችል ነበር። ግን ዓይኗ ላዬ ላይ ሲቆይ ጨመርኩ። «አክፍሎት ካልሆነ በቀር።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አክፍሎት ምን ያህል ነው?»

ነገርኳት። ሁለት ቀን እንደዘለልኩ፣ ፋሲካ ጠዋት ሦስቱን ባንዴ እንደዋጥኩ፣ ባሌም መጥቶ እንደነበር። ስጨርስ የፋሲካን ቀን ካርዴ ላይ ጻፈች።

«ስሚኝ እህቴ» አለች። «ይሄ ክኒን አይጠራቀምም። የማኅፀንሽን አፍ የሚዘጋልሽ ለአንድ ቀንና ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ፈሳሹ መልሶ ይቀጥናል። ሦስት ብትውጪ የትናንቱን ቀን አይመልስልሽም። እንደ አዲስ መዝጋት የሚጀምረው ከዋጥሽ በኋላ ነው፤ እሱም ሁለት ቀን ይፈልጋል። አንቺ ግን በዚያው ቀን...»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስለ ኦፕራሲዮኑ፣ ሐኪሙ ስላለው ነገር፣ ስለ አደይ ደስታ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለችኝ። «እኔ እስላም ነኝ። ረመዳን ሲደርስ የኛን ሴቶች ክኒኑን ቀድማችሁ ከሱሑር፣ ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ፣ ሰዓት ጋር አስማሙት እያልኩ እመክራለሁ። የናንተን ጾም አላሰብኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።»

በአንዲት የፔኒሲሊን ጠርሙስ ሽንት ሰጠኋት። የጤና ጣቢያው መመርመሪያ ስላለቀ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መላክ ነበረበት። «ሐሙስ ጠዋት ነይ» አለች። «ክኒኑን እንዳታቋርጪ። ምንም ይሁን ምን ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን።» ስወጣ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆንኩ ካርዱ ላይ ስታይ አየኋት፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። እነዚያን ቀኖች እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ቢሮ ውስጥ አንድ ገጽ ሰርኩላር አራት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩ፤ አለቃዬ «ጓድ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ። ቤት ስገባ አደይ ለሚወለደው ልጅ ስም እያማረጡ ይጠብቁኛል። ስቄ እመልሳለሁ። ለግርማይ ደብዳቤ ጀመርኩና ቀደድኩት፤ መንገድ ላይ ላለ ሾፌር ይህን ማሰማት ግፍ መሰለኝ። የምጽናናበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐሙስ ይደርሳል።

ረቡዕ ከሥራ ስንወጣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መጮህ ጀመረ። ነገ አስቸኳይ የድጋፍ ሰልፍ አለ። መሥሪያ ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ከጤና ሠራተኞች በቀር ሠራተኛ ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በየቀበሌው ተሰልፎ ወደ አብዮት አደባባይ ይሄዳል። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል።

እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዓርብ ደግሞ ያ ላቦራቶሪ ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል?

ሐሙስ ከማለዳው ቦሌ መንገድ ላይ ተሰለፍን። አደይ ልጄን ይዘው ቤት ቀሩ። የኛ ቀበሌ ባንዲራ ይዞ ከፊት ቆመ፤ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ካድሬ እየዞረ ስም ይጠራል። ፀሐዩ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የጤና ሠራተኞች ነጭ ጋዎናቸውን እንደለበሱ ለብቻቸው ተሰልፈው ነበር። እያንዳንዷን ሴት በዓይኔ ፈለግኩ። በዚያ ርቀት ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጥቂት እንደሄድን አንዲት ቀጭን ነጭ ጋዎን የለበሰች ሴት ከመስመሯ ወጥታ መንገዱን ስታቋርጥ አየሁ። በባንዲራዎቹ መካከል እየተጎነበሰች፣ የቀበሌ ቁጥሮችን እያነበበች ትመጣለች። ሲስተር ዘሀራ ነበረች።

ካድሬው በጡሩምባው ጮኸ። «ጓዲት! ወደ ሰልፍሽ ተመለሺ! ከየት ነሽ አንቺ?»

እሷ መምጣቷን ቀጠለች። ፊቴን ስታገኝ ክንዴን ያዘችና አፏን ጆሮዬ ላይ አስጠጋች። «የለም!» አለችኝ። «እርግዝና የለብሽም። ትናንት ከሰዓት እኔው ሄጄ ውጤቱን ወሰድኩ። ዛሬ ዝግ መሆኑን ስሰማ እስኪከፈት እንዴት ትቆያለሽ ብዬ አላስቻለኝም። ቀበሌሽን ካርድሽ ላይ አይቼ ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ ባንዲራችሁን ስፈልግ ነው።»

«ታዲያ ማስመለሱ? ጡቴስ?»

«ክኒኑ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀትሽም አለበት። ካልተወሽ ሌላ እንፈልጋለን። አሁን ተንፍሺ!»

ካድሬው ደረሰብንና ትከሻዋን ያዘ። ስሟንና የሥራ ቦታዋን ጠይቆ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰችለት። ከዚያ ወደ መስመሯ መለሳት። ወደ ኋላ ዞር ብላ በእጇ «ሂጂ» አለችኝ።

እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። የዚያኑ ጊዜ መፈክር ተጀመረ፤ ግራ እጄን እንደሌላው አንሥቼ እየጮህኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየሳቅሁ ሄድኩ። አጠገቤ የነበሩት የቀበሌያችን ሴት ሊቀመንበር ሲያዩኝ ጊዜ «እንዲህ ነው የአብዮት ስሜት!» ብለው ለሌሎቹ አሳዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀበሌያችን ውስጥ ንቁ ነች የሚባል ስም ወጣልኝ፤ እስከ ደርግ ውድቀት ስብሰባ በመጣ ቁጥር ከፊት ያስቀምጡኝ ነበር።

ቤት እንደደረስኩ በሩን ዘጋሁና ለአደይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውን፣ ክኒኑን፣ የክርስትናውን ቀን ደም፣ አክፍሎቱን። ይቆጡኛል፣ እቃቸውን ሰብስበው አገራቸው ይገባሉ ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ ትዕግሥትን ጭናቸው ላይ አድርገው ጀርባዋን መታ መታ ሲያደርጉ ቆዩ።

«አንቺ ልሞት ነው እያልሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ስም እያወጣሁ ነበር?» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። እሳቸውን ሳባብል እኔ የራሴን ረሳሁ።

ክኒኑ ሲያልቅ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። ለሲስተር ዘሀራ አደይ የፈተሉትን ነጠላ ይዤላት ነበር። ወንበሯ ላይ ሌላ ነርስ ተቀምጣለች። «ተዛውራለች» አለችኝ ቀና ሳትል። ካርድ የምታወጣዋ ሴትዮ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ሰልፍ አቋርጣ ወጣች ተብሎ ተጠይቃ ነበር አለችኝ። ዘበኛው ደግሞ የለም፣ እናቷ ታመውባት ራሷ ጠይቃ ነው ወደ ወሎ የሄደችው አሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነጠላውን ይዤ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ስቅለት አደይ አክፍሎት ጀምረው ነበር። ጠዋት የዜናው ሰዓት ሲደርስ፣ ራሳቸው ከንፈራቸውን ሳያርሱ፣ ብርጭቆ ውኃ ይዘው አልጋዬ ድረስ መጡ። «መድኃኒት ነው። ሰዓቱ ሳያልፍ ዋጪ» አሉኝ። ለቄሱ ራሳቸው ሄደው ነግረው፣ ራሳቸው አስፈቅደውልኝ ኖሯል። ዋጥኩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ለጸሎት ሲነሡ፣ ለልጃቸው፣ ለእኔ፣ ለትዕግሥት ሲለምኑ ሰማሁ፤ ቀጥለውም «ዘሀራንም ባለችበት ጠብቃት» አሉ።

ትዕግሥት ወንድሟን ያገኘችው አራት ዓመት ሲሞላት ነው፤ እኔም በሰላም ተገላገልኩ። አደይ አርፈዋል። በዚያ ሐሙስ ፈርታ የነበረችውን የያኔዋን እኔን ሳስባት ዛሬም ታሳዝነኛለች። በስሕተቴ መሳቅ ችያለሁ። በአንድ ነገር ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ሲስተር ዘሀራ ለካድሬው ስሟን እያጻፈች ሳለ እኔ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም።